ዶሮውና የሽንብራ ዓሣው ከአንድ ቁሌት፦ አመጋገቡ ለተለያየ ቤተሰብ የገና ማዕድ

ከጎንደር፣ ከአዘዞ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ለገና 12 ሰው እቤቴ ይሰበሰባል። ትልቋ ልጄ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ፣ ማርም ጭምር ትታለች፤ ቪጋን ነኝ ትላለች። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ የሌለበትን ቀን በዓል ብሎ አይቆጥረውም። የባለቤቴ እናት ስኳር አለባቸው። የወንድሜ ባለቤት ደግሞ ሙስሊም ናት። ለልጄ ለብቻዋ ጥቂት ሽሮ ብሠራላት፣ ወይም ከዶሮው ወጥ ሥጋውን አውጥቼ መረቁን ብሰጣት አይበቃም ወይ? ከኅዳር 15 ጀምረን ስንጾም ከርመን በፍስኩ ቀን የጾም ምግብ ማቅረቡስ ነውር አይሆንብኝም?»

መረቁን መስጠት አይቻልም። የዶሮ ወጥ መረቅ የዶሮው ስብ፣ ከአጥንቱና ከቆዳው የወጣው ፈሳሽና ቅቤው የተዋሐዱበት ስለሆነ፣ ብልቶቹን በጭልፋ ማውጣት ወጡን ከዶሮ ነጻ አያደርገውም። ልጅዎ ይህን አውቃ ከበላች የያዘችውን አቋም ትጥሳለች፤ ሳታውቅ ከበላች ደግሞ በእናቷ እጅ መታለሏ ነውና ከመራብ ይልቅ ይህ ይጎዳታል። ለብቻዋ የሚሠራው ጥቂት ሽሮ በምግብነቱ ነቀፌታ የለበትም። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ የተደከመበትን ወጥ እየበላ ለእሷ በግማሽ ሰዓት የተሠራ የአዘቦት ቀን ወጥ ጥግ ላይ ማስቀመጥ፣ ከበዓሉ እንደ ማግለል ይቆጠራል። ደግሞም አንድ ሰው ይበቃዋል ተብሎ የተሠራ የአትክልት ምግብ በማዕድ ላይ ሲቀርብ ሁሉም እየጠቀሰ ስለሚቀምሰው፣ ቀድሞ የሚያልቀው ሌላ አማራጭ የሌላት ሴት ድርሻ ይሆናል።

ነውር ይሆናል ወይ ለሚለው፦ አይሆንም። ገና በረቡዕ ወይም በዓርብ ቢውል እንኳ ጾሙ የሚሻርለት በዓል መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን የጾሙ መፈታት ሥጋና ወተት እንዲበላ ይፈቅዳል እንጂ ማንንም አያስገድድም። አንድን ምግብ የጾም የሚያሰኘው የሚበላበት ጊዜና የበላተኛው ሐሳብ ነው። ምስር ወጥ በፍስክ ቀን ሲበላ ምስር ወጥ ብቻ ነው። እንግዶችን ቅር የሚያሰኘው ከሳምንታት ጾም በኋላ ያንኑ የሰለቹትን ሽሮና ክክ መልሶ ማየት ነው። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም፤ መልሱ ግን የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበትን ምግብ መተው ሳይሆን በጾሙ ወቅት ያልተሠራ፣ ብዙ ድካም የሚጠይቅ፣ ለዓይንም ለበዓልም የሚመጥን ወጥ መምረጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፤ የጾም ምግብ ሁሉ ለቪጋን ይሆናል የሚለው። አብዛኛው ይሆናል፤ ሁሉም ግን አይሆንም። ከጣና በጎርጎራ በኩል የሚመጣውን ዓሣ በጾም የሚበሉ ቤቶች አሉ፤ የማይበሉም አሉ፤ ለልጅዎ ግን ዓሣ እንደ ዶሮ ነው። በማር የጣፈጠ ዳቦም ሆነ ጠጅ በብዙ ቤት በጾም አይነቀፍም፤ እሷ ግን ማርን ትታለች። ከሱቅ የሚገዛ ለስላሳ ዳቦና ብስኩት ወተት ወይም እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። «የአትክልት ቅቤ» ተብሎ በሚሸጠው ውስጥም አንዳንድ ጊዜ የወተት ውጤት ስለሚገባ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በጥያቄዎ ውስጥ ሳያስተውሉት ያለፉት ነገር አለ። ዶሮውን የማትበላው ልጅዎ ብቻ አይደለችም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ ሙስሊም፣ ሙስሊም የባረከውንም ክርስቲያን ስለማይበላ የወንድምዎ ባለቤትም ዶሮውን አትነካም። የባለቤትዎ እናትም ቢሆኑ ቅቤ የበዛበትን ወጥ በልክ መብላት ይገባቸዋል። እንግዲህ 12ቱም ሰዎች ያለ ጥያቄ እጃቸውን የሚሰዱበት ምግብ ከእንስሳት ነጻ የሆነው ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች በድግስ ሲጠራሩ ለብዙ ዘመን አብረው የበሉት በዚህ ዓይነቱ ምግብ ነው፤ ስለዚህ የልጅዎ አመጋገብ በቤትዎ ላይ የመጣ እንግዳ ሸክም ሆኖ ሊታይዎ አይገባም። የጋራው ምግብ የመሶቡ መካከል፣ ዶሮው ደግሞ ለሚበሉት የሚጨመር መሆን አለበት።

ይህን በሥራ ላይ ለማዋል ሁለት ሙሉ ድግስ መሥራት አያስፈልግም። የዶሮ ወጥ ድካም ያለው በዶሮው ላይ ሳይሆን በቁሌቱ ላይ ነው፤ ቁሌቱ ደግሞ በዘይት ከተሠራ ለሁሉም ይሆናል። ለ12 ሰው 4 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይክተፉና በሰፊ ድስት ያለ ዘይት በደረቁ ያቁላሉት። ሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ እስኪተን ድረስ በድስቱ ያለው ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም ስለማያልፍ ሽንኩርቱ አይጠቁርም፣ ጣፋጭነቱም አይወጣም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል በመጠነኛ እሳት ታግሦ ማማሰል የግድ ነው። ሥጋ የሌለበት ወጥ «ጎደለው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ስላጣ ሳይሆን ሽንኩርቱ በጥድፊያ ስለተሠራ ነው።

ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ጨምረው ግማሽ ሰዓት ካቁላሉት በኋላ 300 ግራም ያህል በርበሬ ያስገቡ። የበርበሬው ቅላትና የሚያቃጥለው ኃይሉ የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ ዘይቱ ከበርበሬው መቅደም አለበት። ከዚያ በኋላ የሞቀ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ያብስሉት፤ በርበሬ በደረቁ ካረረ የሚያመጣውን ምሬት ምንም ቅመም አይሸፍነውም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በመካከል ይገባሉ። ጠጅ ወይም አረቄ ጠብ የማድረግ ልማድ ካለዎት በዚህ በጋራው ድስት ላይ አያድርጉት፤ ማሩ ለልጅዎ፣ አልኮሉ ለወንድምዎ ባለቤት አይሆንም።

የዘይቱን ምርጫ ቀላል አድርገው አይዩት። በታኅሣሥ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ወጡ ትንሽ ሲቀዘቅዝ እየደደረ በላንቃ ላይ ይለጠፋል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግን አይረጋም። ኑግ የራሱ ጠንካራ ጠረን ስላለው ለማይወዱት ከሌላ ዘይት ጋር ቢደባለቅ ይሻላል።

ቁሌቱ በዚህ ደረጃ ለሁለት ይከፈላል። በግማሹ ዶሮው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ይገቡበታል፤ ግማሹ ከእንስሳት ነጻ እንደሆነ ይቀጥላል። ለእርስዎም ለራስዎ የሚያገኙት ጥቅም አለ። በዋዜማው ጾመኛ እያሉ የዶሮ ወጥ የሚሠሩ እናቶች ጨውና በርበሬውን ቀምሰው ማረጋገጥ አይችሉም፤ በግምትና በማሽተት ብቻ ነው የሚሠሩት። የጋራው ቁሌት ግን ቅቤ ስለሌለበት ከጾሙ ሰዓት በኋላ ቀምሰው ማስተካከል ይችላሉ፤ ዶሮው የሚገባው ጣዕሙ በተረጋገጠ ቁሌት ላይ ይሆናል።

ሰው የሚናፍቀው የቅቤው ነገር ይቀራል። የተነጠረ ቅቤ መዓዛ ግማሹ የወተቱ ቢሆንም ግማሹ የኮሰረቱ፣ የኮረሪማው፣ የበሶብላው፣ የአብሹና የአዝሙዱ ነው። እነዚህኑ ቅመሞች በዘይት ማንጠር ይቻላል። ግማሽ ሊትር ዘይት በጣም በቀዘቀዘ እሳት አሙቀው፣ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ቅመማ ቅመሙን ያስገቡና አውርደው ሲበርድ ያጥልሉት። ኮሰረትና በሶብላ ቶሎ ስለሚያሩ ቀድመው አይገቡም። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከቤት ሙቀት ላይ ለቀናት መቀመጥ የለበትም። አየር በሌለበት ቅባት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ መርዙም በጠረኑ ወይም በጣዕሙ አይታወቅም። በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት፤ በ4 ቀን ውስጥም ይጨርሱት፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በሚበላበት ቀን ብቻ ይሥሩት። በተነጠረ ቅቤ ልማድ ለወራት አስቀምጠዋለሁ ማለት አደገኛ ነው።

በነጻው ግማሽ ቁሌት ላይ የሚገባው የትኛው ነው ቢሉ፣ ሳላመነታ ከሽንብራ ዱቄት በዓሣ ቅርጽ የሚሠራውን የሽንብራ ዓሣ እላለሁ። ሥጋ መሰል የታሸጉ ምግቦችን ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ሥጋን ለመምሰል ሲሉ የሥጋውንም የእህሉንም ጣዕም ያጣሉ። የሽንብራ ዓሣ ግን የማንም ምትክ አይደለም። እናቶቻችን ለከበረ ቀን የሠሩት፣ ቅርጽ ያለው፣ የሚቆረጥና የሚታኘክ፣ መሶብ ላይ ሲቀመጥ ለዓይን የሚሞላ ምግብ ነው። ዛሬ ብዙ ቤት ድካሙን ሸሽቶ ትቶታል፤ ልጅዎ ወደ ቤት ብትመልሰው ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ለ12 ሰው 750 ግራም ያህል ተቆልቶ፣ ተከክቶና በስሱ ተፈጭቶ የተነፋ የሽንብራ ዱቄት ያስፈልጋል። ያልተቆላ ሽንብራ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ቅመም ያለበት የሽሮ ዱቄት ደግሞ ከቁሌቱ በርበሬ ጋር ተደርቦ ጣዕሙን ያከብደዋል። ዱቄቱን በጨው፣ በጥቂት ነጭ ሽንኩርትና በግማሽ ስኒ የተነጠረ ዘይት አሽተው፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን ያቡኩት። ዘይቱ ሊጡን ያለሰልሰዋል፤ ያለ እሱ የተጋገረው ዓሣ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የጣት ያህል ውፍረት ባለው የዓሣ ቅርጽ እያበጁ፣ ቅርፊቱን በማንኪያ ጫፍ እየወጉ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ያዘጋጁ። በመጠነኛ ሙቀት ባለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን መጥበስ ይቻላል፤ ዘይት ለመቀነስ ደግሞ በምጣድ ላይ እያገላበጡ መጋገርም ያዋጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሽንብራ ውሃ ስለሚጠጣ ቁሌቱን ለዶሮ ከሚሆነው ይልቅ ማቅጠን ይገባል፤ ዓሣዎቹም የሚገቡት ማዕዱ ከመቅረቡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። በዋዜማው ገብተው ካደሩ ወጡን ጠጥተው ይፈርሳሉ፤ ጠዋት የሚያገኙት ዓሣ ሳይሆን ሽሮ ነው። ከእነሱ ጋር በዶሮ ወጥ ውስጥ በሚገባው እንቁላል ፈንታ ትናንሽ ድፍን ድንቾችን ቀቅለው፣ ልጠውና በቢላ ሰንጥቀው ቢጨምሩ ወጡ በስንጥቆቹ ይገባል። ኮረሪማውና መከለሻው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል።

በአይብ ፈንታ ቡቲቻ ያቅርቡ፤ የሽንብራ ዱቄቱ በሎሚ፣ በሰናፍጭና በቃሪያ ሲሠራ የወጡን ኃይል ለማብረድ ጥሩ ነው። ጎመን በተነጠረው ዘይት፣ አዚፋ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ስንግ ቃሪያ፤ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። አሥር ዓይነት ደርድሮ አንዱንም አለማሳመር ደግ አይደለም። የሚያኝኩት ነገር ለሚፈልጉ የእንጉዳይ ጥብስ ይሆናል፤ እንጉዳዩ ግን ከታወቀ አብቃይ የተገዛ ካልሆነ ይቅር፤ ከሜዳ የተለቀመ በፍጹም አይሞከርም።

ጥራጥሬን በሚመለከት የጎንደርን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሙሉ ሽንብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ቆላ ካሉ ከተሞች ይልቅ እዚህ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ካለ በፕሬሸር ድስት መቀቀል ጊዜውን ያሳጥራል። ቲማቲምና ሎሚ እህሉ ከለሰለሰ በኋላ እንጂ በፊት አይገቡም፤ አሲዱ ቅርፊቱን ያጠነክረዋልና። ቀይ ቦሎቄ ካሰቡ ደግሞ በደንብ ተንተክትኮ ሳይበስል መብላት ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል።

የሽንብራ ዱቄቱን ወይም ሽሮውን ከማን እንደሚገዙ ይወቁ። በደምቢያና በፎገራ ሜዳዎች ጓያ በብዛት ይበቅላል፤ ርካሽ በመሆኑም ከሽንብራና ከአተር ጋር ተቀላቅሎ ሊፈጭ ይችላል። ጓያ ለአንድ ቀን በጥቂቱ ቢበላ ጉዳት አያደርስም፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግና የማይመለስ ሕመም ያስከትላል። ጥራጥሬን በየቀኑ ለምትበላ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሽንብራውን በፍሬው ገዝተው፣ ለቅመው፣ ራስዎ ቢያስፈጩት ጥርጣሬው ይወገዳል።

ዕቃውን መለየት የጾም ድስት ለይቶ ማስቀመጥ በለመደ ቤት ከባድ አይሆንም። የሸክላ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ቅቤን ስለሚመጥጡ ለነጻው ወጥ ለጾም የተለየውን ወይም የብረቱን ይጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ወጥም የራሱ ጭልፋ ይኑረው። ሽንኩርትና አትክልቱ አስቀድመው ይከተፉ፤ ጥሬው ዶሮ በመጨረሻ በራሱ መክተፊያና ቢላ ይሠራ። ይህ ለልጅዎ ብቻ ሳይሆን ከጥሬ ዶሮ የሚመጣውን ተቅማጥ ለመከላከል ለ12ቱም ይጠቅማል። ዶሮ ወጡን በመሶቡ መካከል አያፍስሱት፤ መረቁ በእንጀራው ላይ እየሮጠ ሁሉን ይነካል። በጎድጓዳ ሳህን ለብቻው ይቅረብና የፈለገ ይጨምር። ጉርሻውንም ያስቡበት፤ ዶሮ በነካ እጅ ልጅዎን ማጉረስ በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም ያስጨንቃታልና አስቀድመው ለዘመድ ይንገሩላት። ከሰውነቱ ጋር የማይስማማ ምግብ፣ ለምሳሌ ለውዝ ወይም ሰሊጥ፣ ያለበት እንግዳ ካለ ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል፤ ለእንደዚህ ያለ ሰው ፍርፋሪውም የሕይወት አደጋ ሊሆን ይችላል።

ለባለቤትዎ እናት የሽንብራ ዓሣው፣ አዚፋውና ጎመኑ ከማንም በላይ ይስማማሉ፤ ጥራጥሬ ስኳርን በዝግታ ነው ከፍ የሚያደርገው። መጠኑ ሊታወቅ የሚገባው እንጀራው፣ ድፎ ዳቦውና ድንቹ ነው፤ ድርሻቸውን በራሳቸው ሳህን ቢያቀርቡላቸው ምን ያህል እንደበሉ ያውቃሉ። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን የሚያድሩ ከሆነና ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ይወስኑ፤ ይህን ከሩቅ ሆኖ መምከር አይገባም።

ስለ ልጅዎ ጤና አልጠየቁኝም፤ ሆኖም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጾመኛ ሰው ፍስክ ሲገባ ቫይታሚን ቢ12ን ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ መልሶ ያገኛል፤ እሷ ግን ፍስክ የላትም። በእንጀራ መቡካትም ሆነ በጤፍ ወይም በጎመን ይህን ቫይታሚን በአስተማማኝ መጠን ማግኘት አይቻልም። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ እጥረቱ ግን በዓመታት ተደብቆ ደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ቪጋን ከሆነች ሁለት ዓመት የሞላት ልጅዎ የቢ12 ክኒን እየወሰደች መሆኑን ይጠይቋት። ካልጀመረች ትመርመርና ትጀምር። ብረትን በተመለከተ ጎመኑና አዚፋው ላይ ሎሚ መጨመሩ ይረዳል። ቡናውም ከማዕዱ ጋር ተያይዞ ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይፈላ፤ ቡና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል።

እንግዲህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ የሽንብራ ዓሣውን ለ12ቱም በሚበቃ መጠን ይሥሩ፤ ዶሮውን ለሚበሉት ብቻ በልክ ያድርጉ። ታኅሣሥ 26 ወይም 27 ሽንብራው ይቆላ፣ ይፈጭ። ታኅሣሥ 28 ጠዋት የተነጠረው ዘይትና የጋራው ቁሌት ይሠሩ፤ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ቀምሰው ለሁለት ይክፈሉትና ዶሮው በራሱ ድስት ይቀጥል። ዓሣዎቹን ማታውን ጋግረው፣ ሲበርዱ ሸፍነው በማቀዝቀዣ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩ። በበዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጻውን ቁሌት በሞቀ ውሃ አቅጥነው ይጣዱት፤ እንግዶቹ እጃቸውን መታጠብ ሲጀምሩ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ያስገቡ።